ትኬቱ ለችግረኛ፣ ጠርሙሱ ለገዥው

አነስተኛ የቢራ ጠማቂዎች በአሜሪካ የሚያካሂዱት የበጎ አድራጎት ሽያጭ

ለአንድ ጠርሙስ ቢራ ሲል ሌሊቱን በብርድ ተሰልፎ የሚያድር ሰው አለ ቢባል፣ ከጎንደር ገጠር የመጣ አዛውንት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለመሆኑ እቤቱ ጋን የለውም እንዴ?» ብሎ ነው። ነገሩ ግን እውነት ነው። በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ኒው ሃምፕሸር የሚባል ትንሽ ግዛት አለ። በዚያ ግዛት፣ በባሕር ዳር በምትገኘው በፖርትስመዝ ከተማ፣ ቢራውን እዚያው ጠምቆ እዚያው የሚሸጥ «ፖርትስመዝ ብሩወሪ» የተባለ መጠጥ ቤት በ1991 ዓ.ም. ተከፈተ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እዚህ በእስራኤል በምንጠቀምበት አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ቤት በዓመት አንድ ቀን፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ «ኬት ዘ ግሬት» የተባለ ጥቁር ቢራ በጠርሙስ ያወጣ ነበር። ኬት የካተሪን ቁልምጫ ሲሆን፣ ስሙ ከ1762 እስከ 1796 ሩሲያን የገዛችውን ታላቋን ካተሪንን ያስታውሳል። በዚያ ዘመን የለንደን ጠማቂዎች ለሩሲያ ቤተ መንግሥት ብርቱ ጥቁር ቢራ በመርከብ ይልኩ ስለነበር፣ ይህ ዓይነቱ ቢራ እስከ ዛሬ «የሩሲያ ኢምፔሪያል ስታውት» እየተባለ ይጠራል። የኬት ጠማቂ ቶድ ሞት የተባለ ባለሙያ ነበር። ቢራው ዝነኛ በሆነ ቁጥር ፈላጊው በዛ፤ ጠርሙሱ ግን ያው ጥቂት ነው። ሰዎች ከሌላ ግዛት ሳይቀር መኪና እየነዱ መጥተው ገና ጎሕ ሳይቀድ በሩ ላይ ይሰለፉ ጀመር።

በ2011 ዓ.ም. ቤቱ አዲስ ዘዴ አወጣ። ከሽያጩ ቀን አስቀድሞ የሚፋቅ ትኬት አሳትሞ አንዱን በ2 ዶላር ሸጠ። እዚህ በየኪዮስኩ የምናየውን «ሒሽ ጋድ» አስቡት። የገዛው ሰው በጥፍሩ ይፍቀዋል፤ ዕድለኛ ከሆነ አንድ ጠርሙስ የመግዛት መብት ያገኛል። ልብ በሉ፣ ጠርሙሱን በነጻ አያገኝም፤ ዋጋውን ለብቻው ይከፍላል። ትኬቱ የሚሰጠው ተራውን ብቻ ነው። ዕጣ ያልወጣለት ሰው 2 ዶላርም ከጠማቂው ኪስ አይገባም። የትኬቱ ገንዘብ ለበጎ አድራጎት የተመደበ ነበርና፣ ዕድለኛውም ዕድለ ቢሱም እኩል ሰጪ ሆኑ።

ይህ ዘዴ ሁለት ችግር በአንድ ጊዜ ነው የፈታው። ሰልፍ በመጀመሪያ ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይወስዳል። ነገር ግን በሥራ ቀን ከሥራ ቀርቶ፣ ልጆቹን ለሌላ ሰው ትቶ፣ በውርጭ መቆም የሚችለው ማን ነው? በጎንደርና በአዲስ አበባ ለዓመታት ተራችሁን ስትጠባበቁ የኖራችሁ ቤተሰቦች ሰልፍ ምን ያህል ሰው እንደሚያደክም ልንነግራችሁ አይገባም። ዕጣ ግን ለሁሉም አንድ ነው። ሁለተኛው ችግር ደግሞ ገንዘብ ነበር። ነጋዴው ፈላጊው መብዛቱን አይቶ የጠርሙሱን ዋጋ መቆለል ይችል ነበር፤ ማንም አይከለክለውም። ያንን ትቶ ትርፍራፊውን ፍላጎት ወደ ችግረኛ አዞረው። ኬት በዚህ ስም የወጣው እስከ 2012 ነው፤ በዚያው ዓመት ቶድ ሞት ቤቱን ለቀቀና ነገሩ አበቃ።

ስለ ብቅልና ስለ ቅራሪ

ጠላ ጠምቃችሁ የምታውቁ እናቶች ይህ መጠጥ ለምን ጥቂት እንደሚሆን ከማንም ይበልጥ ይገባችኋል። ቢራም እንደ ጠላ ከገብስ ብቅል ይጠመቃል። በጌሾ ፈንታ የሚገባው «ሆፕስ» የተባለ የሐረግ አበባ ነው፤ ምሬቱንና ሽታውን የሚሰጠው፣ መጠጡም ቶሎ እንዳይበላሽ የሚረዳው እሱ ነው። የስታውት ጥቁረት የሚመጣው እንደ አሻሮ ከተቆላ ገብስ ነው። ገብሱ ከል እስኪመስል ሲቆላ መጠጡ የቡና መልክ ይይዛል፤ ጣዕሙም ወደ ቡና ያደላል።

ከድፍድፉ መጀመሪያ የሚቀዳው ወፍራሙ ነው፤ በአተላው ላይ ውሃ ጨምረን የምናወጣው ቅራሪ ነው። ኢምፔሪያል ስታውት የሚጠምቅ ሰው የሚፈልገው መጀመሪያ የሚወርደውን ወፍራሙን ነው። ስለዚህ ከብዙ ብቅል የሚያገኘው ጥቂት ጠርሙስ ነው። እንግሊዞችም በድሮ ጊዜ በዚያው ብቅል ላይ ሁለተኛ ውሃ እያፈሰሱ የራሳቸውን ቅራሪ ያወጡ ነበር፤ የቤተሰብና የሠራተኛ መጠጥ እሱ ነበር።

ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ ብርቱውን ቢራ ቀድሞ ዊስኪ በነበረበት የእንጨት በርሜል ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመት ያስቀምጡታል። እኛ ጋኑን በወይራ አጥነን ጠላው የጭሱን መዓዛ እንዲይዝ እንደምናደርገው፣ እነሱም ከእንጨቱና ከቀድሞው መጠጥ መዓዛ ይፈልጋሉ። በርሜሉ ቦታ ይይዛል፤ ቦታውም ገንዘብ ነው። ትንሽ ጠማቂ ቤት ደግሞ ቦታውም ገንዘቡም የለውም።

አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። ጠላ በጥቂት ቀን ይኮመጥጣል፤ ይህ ዓይነቱ ቢራ ግን በደንብ ከታሸገ ለዓመታት ይቆያል። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። የሚቆይ ዕቃ ነጋዴ ይጠራል። አንዱን ጠርሙስ በመደብ ዋጋው ገዝቶ በብዙ እጥፍ የሚሸጥ ሰው ይነሣል። ያለ ፈቃድ መጠጥ መሸጥ በአሜሪካ ክልክል ቢሆንም ድብቁ ገበያ ጠፍቶ አያውቅም። የብርታቱም ነገር መታወቅ አለበት። እዚህ በየሱቁ የምናያቸው ጎልድስታርና ማካቢ 4.9 በመቶ አልኮል ሲኖራቸው፣ ኢምፔሪያል ስታውት ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ አካባቢ ይደርሳል፤ የሚበልጥም አለ። አንዱን ጠርሙስ ለብቻው የጠጣ ሰው ሁለት ጠርሙስ እንደጠጣ ይቁጠረው።

ትኬቱ ሐሰተኛ ሲሆን

ትኬት መሸጥ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ዕዳውን የሚያውቀው የሸጠው ነው። በፍሎሪዳ ግዛት በታምፓ ከተማ «ሲጋር ሲቲ» የተባለው ጠማቂ «ሁናፑ» ለተባለው ጥቁር ቢራው በየዓመቱ በመጋቢት አንድ ቀን በዓል ያደርግ ነበር። ማርች 8 ቀን 2014 ዓ.ም. የመግቢያው ትኬት 50 ዶላር ነበር። በዕለቱ ሐሰተኛ ትኬት የያዙ ብዙ ሰዎች ከእውነተኞቹ ጋር ተቀላቅለው ገቡ። ቦታው ከልክ በላይ ሞላ፤ ሰልፉ አልንቀሳቀስ አለ፤ ቢራውም አለቀ። ገንዘባቸውን ከፍለው፣ አንዳንዶቹም በአውሮፕላን መጥተው፣ ጠርሙሱን ሳያገኙ የቀሩ ሰዎች ተቆጡ።

የቤቱ ባለቤት ጆይ ሬድነር በዚያው ጊዜ ይቅርታ ጠይቆ የሰዎቹን ገንዘብ መመለስ ጀመረ፤ በዓሉንም እንደዚያ ባለ ሁኔታ እንደማይደግመው አስታወቀ። ሐሰተኛውን ትኬት ያተመው እሱ አይደለም። ነገር ግን ገንዘብ የተቀበለው እሱ ነውና መልሱን የሰጠው እሱ ሆነ። እኛ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ጠማማው ሰው ማን እንደነበረ ሳይሆን፣ ትኬት ላይ ቁጥር ተጽፎ በር ላይ ካልተመሳከረ ወረቀቱ ገንዘብ መሆኑ ቀርቶ ወረቀት ብቻ እንደሚሆን ነው።

ከእሳቱ በኋላ

ከነዚህ ሁሉ ትልቁ ሥራ የተሠራው በካሊፎርኒያ ነው። ኖቬምበር 8 ቀን 2018 ዓ.ም. በቢዩት አውራጃ ከኤሌክትሪክ መስመር የተነሣ እሳት በነፋስ ተገፍቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ፓራዳይስ የተባለችውን ከተማ በላት። ፓራዳይስ ማለት ገነት ማለት ነው። 85 ሰዎች ሞቱ፤ ከ18,000 በላይ ሕንጻዎች ተቃጠሉ። ለፓራዳይስ ቅርብ በሆነችው በቺኮ ከተማ ኬን ግሮስማን በ1980 የመሠረተው «ሲየራ ኔቫዳ» የተባለ የታወቀ ጠማቂ አለ። ከሠራተኞቹ መካከል ቤታቸው የተቃጠለባቸው ነበሩ።

ግሮስማን ያደረገው ይህን ነው። «ሪዚሊያንስ» የሚል ስም የሰጠውን ቢራ አሰናዳ፤ ቃሉ ወድቆ መነሣትን፣ መከራ ችሎ መቆምን ያመለክታል። ከዚያም አሠራሩን፣ ማለትም ምን ያህል ብቅል፣ ምን ያህል ሆፕስ እንደሚገባ፣ ምንም ሳይደብቅ ለአገሩ ጠማቂዎች ሁሉ ላከ። «እናንተም ይህን ጥመቁ፤ የሽያጩን ገንዘብ በሙሉ ለተጎዱት ስጡ» አላቸው። ብቅልና ሆፕስ ነጋዴዎችም ዕቃውን በነጻ እንዲሰጡ ተለመኑ፤ ብዙዎቹም ሰጡ። ኖቬምበር 27 ቀን የጠመቃ ቀን ተባለ። ከ1,400 በላይ ጠማቂዎች ተባበሩ። እሳቱ ከተነሣ ገና ሦስት ሳምንት አልሞላም ነበር።

ይህን ስንሰማ ደቦ ትዝ ይለናል። የአንዱ ቤት ሲወድቅ መንደሩ እንጨቱንና ሣሩን ይዞ ይወጣል፤ ባለቤቱ ደግሞ እንደ አቅሙ ጠላውን ያቀርባል። እነሱ ግን ጠላውን ራሱን እንጨትና ሣር አደረጉት። በአገራችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ምስጢሩን ደብቆ የሚኖር ነጋዴ ምስጢሩን ለተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ማደሉም ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ለይተን ብናይ ይጠቅማል። የመጀመሪያው፣ የተሰጠው «ትርፉ» አይደለም፤ የሽያጩ ገቢ በሙሉ ነው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው። አንድ ጠርሙስ በ20 ሰቅል ቢሸጥ፣ ብቅሉ፣ ጠርሙሱ፣ ሠራተኛውና ኪራዩ 18 ሰቅል ቢፈጁ፣ «ትርፉን እሰጣለሁ» ያለው ሰው የሚሰጠው 2 ሰቅል ነው። «ገቢውን በሙሉ» ያለው ግን 20 ሰቅል ይሰጣል፤ ወጪውንም ከኪሱ ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ ቢራው ተሽጦ ካለቀ በኋላ አንዳንድ ጠማቂዎች የሰበሰቡትን በቶሎ አላስገቡም። ከ1,400 በላይ ሰው ቃል ሲገባ ሁሉም በአንድ ቀን አይፈጽምም። ጠጪው ግን ብርጭቆውን ባነሣ ጊዜ ገንዘቡ ፓራዳይስ የደረሰ መስሎታል።

ይኸው መንገድ በ2020 ዓ.ም. እንደገና ተሞከረ። በዚያ ዓመት ሜይ 25 ቀን ጆርጅ ፍሎይድ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ በሚኒያፖሊስ በፖሊስ እጅ ከሞተ በኋላ፣ በቴክሳስ በሳን አንቶኒዮ ከተማ ማርከስ ባስከርቪል የተባለ ጥቁር ጠማቂ «ጥቁር ውብ ነው» የሚል ስም ያለው ስታውት አዘጋጅቶ አሠራሩን ለሁሉም አደለ። ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ጠማቂዎች ጠመቁት። ገቢው በየአካባቢው ለፖሊስ ሥርዓት መሻሻልና ለተበዳዮች የሕግ ድጋፍ ለሚሠሩ ድርጅቶች እንዲሰጥ ነበር ጥሪው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2019 ክረምት፣ በልጃችን በሰለሞን ተካ ሞት ምክንያት በየመንገዱ የወጣነው እኛ የዚህን ቢራ ስም ትርጉም ለማንም መጠየቅ አያሻንም።

መነኮሳትም ይጠምቃሉ። በቤልጅየም በቬስትፍሌተረን የሚገኘው የቅዱስ ሲክስቱስ ገዳም ቢራውን የሚሸጠው ለኑሮው በሚበቃው መጠን ብቻ ነው። በ2011 ዓ.ም. ገዳሙ ሕንጻውን ለማደስ ገንዘብ ሲቸግረው፣ ስድስት ጠርሙስና ሁለት ብርጭቆ በአንድ ሣጥን አድርጎ በ25 ዩሮ አወጣ። ገዥው ኩፖን ይዞ መቅረብ ነበረበት። ወዲያው አለቀ። በእኛም በቤተ እስራኤል ዘንድ ድሮ መነኮሳት እንደነበሩን አባቶች ያስታውሳሉ፤ ቢራ ግን አልነገዱም።

ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል?

ይህ ገጽ ቢራ እንድትገዙ ለመገፋፋት የተጻፈ አይደለም። እዚህ አገርም ከ2006 ጀምሮ ትንንሽ ጠማቂዎች ተነሥተዋል፤ በቴል አቪቭ «ዳንሲንግ ካሜል»፣ በካጽሪን የጎላን ጠማቂ ከቀዳሚዎቹ ናቸው። አዲስ የመጣ ቤተሰብ ግን ከቢራው ይልቅ የሚያገኘው በየግድግዳው የሚለጠፈውን «ለጽዳቃ» የሚል ማስታወቂያ፣ በር እያንኳኩ ትኬት የሚሸጡትንና በየትምህርት ቤቱ የሚዞረውን ፖስታ ነው። ስለዚህ በማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ቃል አስተውሎ ማንበብ ያስፈልጋል። «ኮል ሃሃክናሶት» ማለት ገቢው በሙሉ ማለት ነው። «ሃሬቫሒም» ማለት ትርፉ ነው። «ሔሌክ ሜሃሃክናሶት» ካለ ከገቢው የተወሰነ ክፍል ነው፤ ስንት እንደሆነ ካልጻፈ መጠየቅ ነውር አይደለም። በኡልፓን ያሉ ልጆቻችሁ እነዚህን ሦስት ቃላት ያንብቡላችሁ።

ገንዘብ ከሰጣችሁ «ካባላ»፣ ማለት ደረሰኝ፣ ተቀበሉ። በሕግ የተመዘገበ ማኅበር «አሙታ» ይባላል፤ በ58 የሚጀምር የምዝገባ ቁጥር አለው። ቁጥሩን ይዞ የማኅበሩን ማንነት ጋይድስታር በተባለው የመረጃ መዝገብ ላይ ያለ ክፍያ ማየት ይቻላል። ደረሰኙ ላይ «ሰኢፍ 46» የሚል ከተጻፈ፣ ሕጉ ካስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን በላይ ለሰጠ ሰው ከስጦታው 35 በመቶ ከገቢ ግብሩ ላይ ይቀነስለታል። ግብር የማይከፍል ሰው ግን ከዚህ የሚያገኘው ነገር የለም። ትኬት ገዝቶ በምትኩ ዕቃ የወሰደ ሰውም ገዢ እንጂ ሰጪ ተብሎ እንደማይቆጠር ይወቅ።

የፖርትስመዙን የሚፋቅ ትኬት ወስደን እዚህ እንሞክረው የሚል ወጣት ቢነሣ ግን ቆም ይበል። በእስራኤል በ1977ቱ የወንጀል ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ሎተሪ፣ በዕብራይስጥ «ሃግራላ»፣ ማካሄድ ክልክል ነው። ሒሽ ጋድን የሚሸጠው ሚፋል ሃፓይስ በ1951 የተቋቋመና ፈቃድ ያለው ነው። ለጽዳቃ ነው ማለት ከሕጉ አያድንም።

ስለ መጠጡም ጥቂት እንበል። አስካሪ መጠጥ ዕድሜው 18 ላልሞላ ሰው መሸጥ በሕግ ክልክል ነው፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ማለት በሰዓታችሁ ከምሽቱ 5 ሰዓት፣ እስከ ጥዋቱ 12 ሰዓት በሱቅ አይሸጥም። ቤት ውስጥ ለበዓል የሚጠመቀው ጠላ የቤት ነው፤ ለሕዝብ መሸጥ ግን ፈቃድ ይጠይቃል። ለወጣቶች ቤት ማሠሪያ ብሎ ቢራ መሸጥ ለዚህ ጸሐፊ አይዋጥለትም። በአንድ እጅ ልጁን ከመጠጥ ለመጠበቅ ገንዘብ እየሰበሰቡ፣ በሌላው እጅ መጠጡን ማቅረብ ምን የሚሉት ነው? አሜሪካኖቹ ጠማቂዎች በእጃቸው ያለው ቢራ ስለሆነ ቢራቸውን ሰጡ። የእኛ እናቶች በእጃቸው ያለው ዳቦው፣ በርበሬው፣ ስፌቱ ነው።

ካሽሩትን ለሚጠብቁ አንባብያንም አንድ ማሳሰቢያ አለን። ምንም ያልተጨመረበት ተራ ቢራ ብዙ ጊዜ ችግር የለበትም ይባላል፤ እነዚህ ልዩ ቢራዎች ግን እንደ ተራው አይደሉም። አንዳንዱ የወይን ጠጅ በነበረበት በርሜል ይቆያል፤ ወይን ደግሞ የራሱ ብርቱ ሕግ አለው። አንዳንዱ የወተት ስኳር ይገባበታልና ከሥጋ ጋር አይቀርብም። ስለዚህ የካሽሩት ማኅተሙን ማየት ወይም ራቢን መጠየቅ ነው። ቢራ ከገብስ የተሠራ ሐሜጽ ስለሆነም «ለዓመታት ይቆይልኛል» ብሎ የገዛው ሰው ፋሲካ ሲመጣ ይቸገራል። በፋሲካ ቀናት በአይሁዳዊ እጅ የቆየ ሐሜጽ ከበዓሉ በኋላም የተከለከለ ነው፤ አስቀድሞ በራቢን በኩል ካልተሸጠ በቀር።

መጠጥና ጽዳቃ በአንድ ቀን የሚገናኙበት በዓል ፑሪም ነው። በአገራችን የአስቴርን ጾም እንጾም ነበር እንጂ እንዲህ ያለውን ፌሽታ አናውቀውም ነበር። እዚህ ሰው ጭንብል አድርጎ ሲጠጣና ሲዘፍን ስታዩ፣ በዚያው ቀን ለሁለት ድሆች መስጠትም ግዴታ መሆኑን አትርሱ። ራምባም በዚህ ቀን ለድሃ የሚሰጠውን ማብዛት ግብዣውን ከማብዛት እንደሚሻል ጽፏል። ጽዳቃው ከግብዣው የተረፈው አይደለም ማለት ነው።

ኮሚቴ ለምታቋቁሙ

በየሰፈሩ ለሙሽሪት፣ ለሐዘንተኛ፣ ወይም ለኪምሓ ደፒስሓ፣ ማለት ለችግረኞች የፋሲካ መዋያ፣ ገንዘብ የሚሰበስቡ ኮሚቴዎች አሉ። ዕድር ያቋቋመ ሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ አይማርም፤ ያውቃል። የሚጣሉት በመሰብሰቡ ሳይሆን በመቁጠሩ ነው። የቀደሙት ሊቃውንት በታልሙድ የጽዳቃ ገንዘብ በሁለት ሰዎች እንዲሰበሰብ፣ በሦስት ሰዎች እንዲከፋፈል ያዘዙት ይህን አይተው ይመስለናል። አንድ ሰው ብቻውን እየዞረ አይሰበስብም፤ ቅን ሰው ቢሆንም እንኳ ለሐሜት ይጋለጣልና።

ስለዚህ በመትናስ ውስጥ የዳቦና የስፌት ገበያ ለማድረግ ያሰበ ኮሚቴ በመጀመሪያ ከመትናሱ አስተዳደርና ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ጋር ይነጋገር፤ ምግብ ለሕዝብ ለመሸጥ የሚጠይቁት ነገር አለ። ገንዘቡ ለማን እንደሚሰጥ ከሽያጩ በፊት በዕብራይስጥና በአማርኛ ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፍ፤ ገቢው በሙሉ ነው ወይስ ዱቄቱና ቅቤው ተቀንሶ የሚቀረው ነው የሚለውም ሳይድበሰበስ ይጻፍ። በቀኑ ማታ፣ ሰው ገና ሳይበተን፣ ሦስቱ ሰዎች ተቀምጠው ይቁጠሩና ድምሩን እዚያው ይንገሩ። ገንዘቡ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚደርስም ይናገሩ፤ በደረሰ ጊዜም የተቀባዩን ደረሰኝ በዚያው በር ላይ ይለጥፉት። ትኬት የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ቁጥር ይኑረው፤ ጉርዱ በገንዘብ ያዡ እጅ ይቅር፤ በር ላይ የሚቆመውም ሰው ቁጥሩን ከዝርዝሩ ጋር እያመሳከረ ያስገባ።